በሳሙና የተደፈኑ ቀዳዳዎች

ጥቅምት 9 ቀን

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ካፒቴኑ ነው። ሰላምታውን እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ይህቺ ትመዝገብልኝ። ኮሌጅ ሳላችሁ የኳስ ቡድን አለቃ ሆኖ ሜዳ ለሜዳ ማስሮጡ አነሰውና፣ ፀጉራችሁ ከሸበተም በኋላ ከከተማ ከተማ ያስሮጥሃል። የካምፓኒያችሁ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ይሻለዋል ብዬ ነበር፤ ባሰበት።

አሁን ሰላምታው። የወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ያደግክ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሙሽራዋስ ደህና ናት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ትባላለች ወይ እንዳትለኝ፤ እኔ እስካለሁ ሙሽራዋ ናት። ፈጣሪ ዕድሜህን ከነጤናው ያርዝመው፤ ተቀምጠህ የምታሞቀው አንድ ወንበርም ይስጥህ። እኔና ልጅህ ሚጢጢ ደህና ነን።

ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ባዶውን ግን አታውቀውም። አንተ ባዶ ቤት አይተህ አታውቅም። ሁልጊዜ ቀድመህ ትሄዳለህ፣ የጭነት መኪናው ይከተልሃል፣ ሙሽራዋ ትከተላለች። እኔ ቀርቼ እጠርጋለሁ፣ የምስማሩን ቀዳዳ በነጭ ሳሙና እደፍናለሁ፣ ለአከራዩ ቁልፍ አስረክባለሁ። ከዚያ ያቺን «የኮሌጅ» ብለህ የጻፍክባትን ካርቶን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከስምንት ከተማ እንዲህ ወጣሁ። ይህ ዘጠነኛው ነው። አሁን ደግሞ ሚጢጢ ትምህርቷን እስክትጨርስ፣ እስከ ሰኔ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ በይ ተብያለሁ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወንበር፣ ካርቶኗ፣ የሚጢጢ መጽሐፎችና እኛ። ሳሎኑ ውስጥ ሳስል ሌላ ሰው የሚመልስልኝ ይመስለኛል። መጋረጃዎቹን ስለወሰዳችኋቸው መንገደኛው ሁሉ ስንቀመጥ ስንነሳ ያየናል፤ እኛም የመስኮቱን ብረት ይዘን እናየዋለን። ማን ማንን ሊጠይቅ እንደመጣ አይታወቅም።

ፍራሽ ትሸጣለህ። ለአገር ምድሩ መተኛ ታድላለህ፣ ያንተ ጎን ግን አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። ይህን ስጽፍ ሚጢጢ በትከሻዬ አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጸሐፊህ የመታችው ነው። «እርስዎ» ይለኛል። እርስዎ ማን ናት? አፍህን ስትፈታ «አንቺ» ያልከኝ እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሚጢጢ ታንብብልዎ» ይላል። ሚጢጢ አላነበበችልኝም። እኔው አነበብኩት፤ ይህንንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ፦ በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ከሰባተኛው ከተማ ስንወጣ፣ ልጅህ ካርቶኖቹ ላይ በጣቷ እየጠቆመች ፊደል አስቆጠረችኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ኩሽና» ነው። ሁለተኛው «ይሰበራል» ነው። ሰው በመጽሐፍ ይማራል፤ እኔ በጓዝ ተማርኩ።

ቁልፍ ጠባቂዋ አክስትህ

*

ጥቅምት 26 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤንነትዎ ይጠበቅልኝ ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን።

አዲሱ ቅርንጫፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። አራት የሽያጭ ሠራተኞች በሥሬ አሉ። የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ከወዲሁ ከግማሽ በላይ አሳክተናል። ካፒቴኑ በስብሰባ ላይ ትከሻዬን ይዞ «ከዚህ ሰው ጋር ሆኜ የተሸነፍኩበት ሜዳ የለም» ሲል ሁሉም አጨብጭቧል።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ የካምፓኒው ትእዛዝ በመሆኑ ከአቅሜ በላይ ነው። ስለዚህ እንዲታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በመጪው ወር መጨረሻ የኮሌጃችን የቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ምሽት ስላለ፣ በአልጋው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ የቀረውን የኮሌጅ ጃኬቴን በፖስታ እንዲልኩልኝ። ቤቱን የሚያከራየን ባለ ፋርማሲ ስለ ጣሪያው ከጠየቀዎ እኔ እጽፍለታለሁ ይበሉት። የታሸጉ ነገሮችን እንዳይፈቱ፤ በሰኔ ዳግመኛ ከማሸግ ያድንዎታል።

ሚጢጢ ታንብብልዎ።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ

እትዬ፣ ማታ ማታ ሹራብሽን ደርቢ።

*

ኅዳር 15 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣ እንደምን ከረምክ? ፈጣሪ በሄድክበት ይቅደምልህ፤ አንተን መቅደም ከቻለ።

ከደብዳቤህ ሁሉ ያንተ የሆነችው ከሥር በእስክሪብቶ የጫርካት አንዲት መስመር ናት። እርሷን ደጋግሜ አነበብኳት። ሹራቤን ደርቤያለሁ።

ጃኬትህን አጥቤ ልኬዋለሁ። ቁልፉ አይደርስልህም፤ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገው። ምሽታችሁ ላይ ያንን የኮሌጅ መዝሙር እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ትዘምሩታላችሁ አሉ። እኔም እኮ የዚያ ኮሌጅ ሰው ነኝ። እናንተ ፎቁ ላይ ነበራችሁ፣ እኔ ምድር ቤቱ። አሥራ ስምንት ዓመት የተማሪ አንሶላ አጥቤያለሁ፤ የስንቱን አንሶላ እንዳጠብኩ ብናገር የምሽታችሁ ወንበር ግማሹ ባዶ ይሆናል። አንተም የገባኸው የሠራተኛ ልጅ ተብለህ በኔ ስም ነው። እስከ ዛሬ ለምሽቱ የጠራኝ የለም። አልመጣም ነበር፤ ግን ቢጠሩኝ ምን ነበረበት?

የምረቃችሁን ሳምንት አስታወስከኝ። መቶ አርባ ጋውን ተኮስን፣ እኔና ሁለት ሴቶች፣ እንፋሎቱ ፊታችንን እያበሰለው። አንገታቸው ላይ ስም ተሰፍቶባቸዋል፤ እኔ ምኑን አውቄ። ለጓደኞቼ «የልጄን ጋውን እኔ ነኝ የምተኩሰው» ብዬ ስነግራቸው ከርሜያለሁ። ስትመጣ «የትኛው ነው ያንተ?» አልኩህ። በጣትህ አሳየኸኝ። ያንን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት። በዕለቱ ፈረቃዬ ስለነበር አዳራሽ አልገባሁም። በምድር ቤቱ መስኮት የሚታየው እግር ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ እግር መሀል ያንተን ጫማ ፈልጌ አጣሁት። ሕዝብ በዝቶ ነው አልኩ።

አሁን ወደ ልጅህ። ሚጢጢ ማለት ቀርቷል፤ በሩን ስትገባ አናቷን ጎንበስ ታደርጋለች። ከትምህርት ስትመለስ ባለ ፋርማሲው ዘንድ ትሠራለች፤ ጠርሙስ ትደረድራለች፣ የሐኪም ጽሑፍ ታነባለች። የሐኪም ጽሑፍ! እኔ ያንን ሳይ ፊደል የተማርኩት ሌላ አገር ነው እላለሁ። ሰውየው ባለፈው ቀን ሊጠይቀኝ መጣና፣ ያቺን ሳሉን ካሳለ በኋላ፦

«እትዬ፣ ይህች ልጅ እጇ አይንቀጠቀጥም» አለኝ።

«ለሳልህ አንድ ነገር ቢቀምምልህ ኖሮ ያንን እጅ አመሰግነው ነበር» አልኩት።

«የኔ ሳል ከፋርማሲው በዕድሜ ይበልጣል፤ ተይው። እዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የጤና ኮሌጅ አለ። ፋርማሲ ያስተምራሉ። ብትገባ ማታ ማታ እኔ ዘንድ ትለማመዳለች።»

ሰውየው ሲወጣ እርሷ መጽሐፎቿ ወዳሉበት ካርቶን ሄደች። አትፍቱ ስላልከን ከካርቶኑ አልወጡም፤ እጇን እስከ ክርኗ ከታ አንዱን ትመዝዛለች፣ ስትጨርስ ትመልሰዋለች።

«እማማ፣ አባዬ ይፈቅዳል?» አለችኝ።

«ጠይቂው።»

«አንቺ ጠይቂልኝ። አንቺን ይፈራል።»

ይኸው ጠየቅኩህ። ልጅቷ እዚህ ሦስት ዓመት ሆናት፤ ከስድስቱ ትምህርት ቤቶቿ ረጅሙ ነው። ጓደኛ አላት፤ እስከ በሩ እየመጣች የምትጠራት ጓደኛ። ከዚህ በፊት በራችን ላይ ቆሞ የጠራት ልጅ አላስታውስም።

አክስትህ

*

ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰቤ ይድረስዎ። መልስ በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የዓመቱ አጋማሽ ሪፖርት ጊዜ አልሰጠኝም።

ከዚህ ጋር አባሪ የሆነው የኮሌጃችን የመግቢያ ፎርም ነው። ካፒቴኑ የኮሌጁ ቦርድ አባል በመሆኑ የሚጢጢ ቦታ ከወዲሁ ተይዟል። ይህ ዕድል ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። በፋርማሲ ባንኮኒ መዋሏ ደረጃዋን ስለማይመጥን እንዲቀር ይሁን። አሁን የምትማረው እዚያ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ ፎርሙ ላይ መፈረም ያለበት አብሯት የሚኖረው አሳዳጊ ነው። ስለዚህ ከእርስዎ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው፤ ጣትዎን ማሳረፍም ይበቃል። እስከ መጋቢት 30 ኮሌጁ መድረስ አለበት።

በነሐሴ ሌላ ዝውውር ሊታዘዝ እንደሚችል ጭምጭምታ አለ። ካምፓኒው እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል? ካርቶኔን ማንም እንዳይነካት፤ ሲመጡ እንደ ሁልጊዜው በጭንዎ ይያዙልኝ።

ሚጢጢ ታንብብልዎ።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 3 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። እጽፍለታለሁ ያልከው ጣሪያ አፈሰሰ፤ በሙሽራዋ መኝታ ቤት በኩል። ካርቶንህ እዚያ ነበረች። ጠዋት ስገባ ታችዋ ርሶ አብጧል። ክው አልኩ። ዲግሪው! አልኩ። ስምንት ጊዜ በጭኔ ያመጣሁት ዲግሪ በውሃ አለቀ ብዬ ማሸጊያዋን በቢላ ቀደድኩት። የሰው ገበና ልይ ብዬ አይደለም፤ እመነኝ።

ዲግሪ የለም። የኳስ ቡድናችሁ ፎቶ አለ፤ ካፒቴኑ መሀል ላይ፣ አንተ ጫፍ ላይ፣ ግማሽ ትከሻህ ተቆርጦ። የመዝሙሩ ወረቀት አለ። ከዚያ ሥር በክላሰር የተያዘ ወረቀት ነው፤ ውሃ የጠጣው እርሱ ነው። አንድ በአንድ እየነጠልኩ ጓሮ ወስጄ የልብስ ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ሙያዬ ነው፤ እርጥብ ነገር ሳይ እጄ ራሱ ገመድ ይፈልጋል።

ከዚያ ወንበሩን አውጥቼ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ልጠብቅ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ፊት ተሰቅለዋል፤ ምን ላድርግ፣ አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «አለቃዬ ወደ ሰሜን ቅርንጫፍ መዛወራቸውን ስለሰማሁ፣ እኔም በራሴ ፈቃድ አብሬአቸው እንድዛወር በትሕትና አመለክታለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማህ። ሁለተኛው ቶሎ አለቀልኝ፤ ቃሉ አንድ ነውና። «በራሴ ፈቃድ።» ሦስተኛውም «በራሴ ፈቃድ።» ዘጠኝ ወረቀት ነው። ከእያንዳንዱ ከተማ የወጣንበት አለ። የመጨረሻው የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈ ነው፤ እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ።

ሻጭ ስለሆንክ ለሁሉ ነገር ቅጂ ታስቀራለህ፤ ይህን አውቃለሁ። ለምን እኔ ጭን ላይ እንደምታስቀምጣት ግን አሁን ገባኝ። ማንበብ ከማትችል አክስት የተሻለ ካዝና የለም። ካዝናው ከተከፈተ ግን አምስት ዓመት ሆነው፤ አንተ ገና «ሚጢጢ ታንብብልዎ» ትላለህ።

ሳልሰበስባቸው ልጅህ መጣች።

«ምንድን ነው ያሰጣሽው እማማ? ወረቀትም ማጠብ ጀመርሽ?»

አንዱን ከገመዱ አወረደች። እኔ የለፋሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ቀኑን አየች።

«ይሄ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው» አለች። «ሦስት ቀን ነው ያለቀስኩት። አባዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ‹ካምፓኒው ልብ የለውም፣ የኔ ልጅ፣ ምን ላድርግ› ሲለኝ አንጀቴን በላው። እኔ እኮ ነኝ ያባበልኩት እማማ! እኔ!»

ወረቀቱን መልሳ በመቆንጠጫ ሰቀለችው፤ ጥጉን አስተካክላ። ከዚያ ወደ ፋርማሲው ሄደች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ሰውዬ ስረግመው ኖርኩ። ጠዋት ስነሳ፣ ስጠርግ፣ ሳሙና በጣቴ ስጠቀጥቅ። አሁን ማንን ልርገም? ባዶ ቤት ውስጥ እርግማኔን እንኳ ቀማኸኝ።

ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ለምን? ሁለተኛ፣ ዲግሪህን የት ነው ያስቀመጥከው? ሌላ የሚያፈስ ቦታ ከሆነ ላንሳው።

ፎርሙ መስኮቱ ላይ ነው። አልፈረምኩም።

አክስትህ

*

የካቲት 28 ቀን

ሃያ አምስት ቀን ሆነ። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ሴት ስታየኝ ገና ከበሩ አንገቷን መነቅነቅ ጀምራለች። ልጅህ «ጻፈ?» ማለት ትታለች። ጣሪያውን ባለ ፋርማሲው አሠራው። ታመህ ከሆነ በሰው እጅ አስጽፍ። ካልታመምክ ራስህ ጻፍ።

*

መጋቢት 9 ቀን

እትዬ፣

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልሽ። ጸሐፊዋን ሻይ ጠጥተሽ ነይ ብዬ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁት። እጄ ጽሑፍ ረስቷል፤ ከአንቺ ፊደል ይብሳል፤ እንዳትስቂብኝ።

ዲግሪ የለኝም።

በመጨረሻው ዓመት አንድ ትምህርት ወደቅኩ፤ ስታቲስቲክስ። አንድ ብቻ። ከምረቃው በፊት ባለው ሰኞ ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ልነግርሽ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። በእንፋሎቱ መሀል ቆመሽ፣ ፊትሽ በርቶ፣ «የትኛው ነው ያንተ?» አልሽኝ። ከፊቴ ያለውን ጠቆምኩ። የካፒቴኑ ነበር። ሁለት ጊዜ ስትተኩሺው ቆሜ አየሁ። በዕለቱ ጫማዬን ያጣሽው ሕዝብ በዝቶ አይደለም። ከማጠቢያው ጀርባ፣ ውሃ የሚሞቅበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከአንቺ አንድ ግድግዳ አልፎ።

ካፒቴኑ ፍራሽ ካምፓኒው ውስጥ ቀድሞ ተቀጠረ። እኔን ወስዶ «አብረን ነው የተመረቅነው» አላቸው። ማስረጃውን በኋላ አመጣለሁ ብዬ ገባሁ። አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው የሠራተኛውን ማህደር ማገላበጥ ነው። ካፒቴኑ ሲሄድ እኔ ብቀር አንድ ወር አልቆይም። ስለዚህ ሲሄድ እሄዳለሁ። እርሱ ክፉ ሰው አይደለም እትዬ። አንድ ቀን አስፈራርቶኝ አያውቅም። «ወንድሜ» ነው የሚለኝ። ሊዛወር ሲል ብቻ ትከሻዬን ይዞ «ትመጣለህ አይደል?» ይለኛል፤ እንደ ጥያቄ አይደለም የሚለው።

ሰው ከከተማ ከተማ ሲሄድ ነፃ ይመስላል። እኔ ግን በየከተማው የማገኘው ያንኑ ክፍል ነው፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ካርታ ግድግዳው ላይ፣ ያው ፈገግታ ፊቴ ላይ። ደንበኞቼ ስሜን ሳይሆን ቤቴን ማወቅ ሲጀምሩ፣ ልጆቻቸው ከልጄ ጋር ሲጫወቱ፣ «የት ተማርክ፣ መቼ ተመረቅክ» ሲሉኝ፣ ዝውውሩ ሲመጣ እፎይ የምልበት ጊዜም ነበር። ለሚጢጢ የዋሸሁትን ማታ ማታ አስበዋለሁ። ያን ቀን ስታባብለኝ እውነት አልቅሻለሁ።

አሁን ስሚኝ። ሚጢጢ እዚያ ገብታ ብትመረቅ፣ ከዚያ ኮሌጅ አንድ እውነተኛ ዲግሪ ቤታችን ይገባል። ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን። ለአሥራ ስምንት ዓመት እንፋሎትሽም ካሳ ይሆናል። ቀኑ ሊያልፍ ነው። ለካፒቴኑ «ትመጣለች» ብዬዋለሁ። እባክሽ ፈርሚልኝ። ለሙሽራዋም ምንም እንዳትይ፤ አታውቅም።

ልጅሽ

*

መጋቢት 24 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አንቺ» አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለዚያች ቃል ስል ልፈርም ብዕሩን አንስቼ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ተቀምጠህ ሳስብህ ደግሞ መተኮሻዬን ጥዬ፣ ዞሬ፣ ያንን በር ከፍቼ በጆሮህ ጎትቼ ባወጣሁህ አልኩ። አንድ ትምህርት! እኔን ታውቀኛለህ፤ ሁለት ቀን እጮህብህ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ደብተር እገዛልህ ነበር።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረስኩ። «ትመጣለች ብዬዋለሁ።» እርሱ «ትመጣለህ አይደል» ይልሃል፣ አንተ በልጅህ አፍ መለስክለት። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ።

ልጅቷን ጠየቅኳት። አንተ ያልጠየቅካትን እኔ ጠየቅኳት። ወጥ ምድጃው ላይ እያረረ ነበር፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።

«የአባዬ ጓደኛ ቦታ ከያዘልኝ ስንት ዓመት ‹አመሰግናለሁ› ስል እኖራለሁ?» አለችኝ።

«አባትሽ አሥራ ዘጠኝ ደፍኗል» አልኳት።

«እኔ እዚህ መቆየት ነው የምፈልገው እማማ። ሌላ ምንም አይደለም። በተወለድኩበት ሳይሆን በቆየሁበት መጠራት ነው የምፈልገው።»

ማክሰኞ ዕለት አብረን ወደ ጤና ኮሌጁ ሄድን። ባለ ፋርማሲው ከነሳሉ አብሮን መጣ። ፎርሟን ራሷ ሞላች። «የአሳዳጊ ፊርማ» የሚለው ጋ ስንደርስ፣ መዝጋቢው የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ ጣቴ ገፋ አደረገው። ወደ እርሱ መልሼ ገፋሁትና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ። መስመሩ አልበቃኝም፤ ጠርዙን ተሻግሬ ሄድኩ።

«ይበቃል እናቴ» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

ያንተ ፎርም ባዶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሷል። ለካፒቴኑ «አትመጣም» በለው። ስትለው ምን እንደሚሆን አላውቅም። ማህደርህን ያወጣ ይሆናል፣ ዝም ይል ይሆናል። ፈርተህ የኖርክበትን ነገር እኔ ልፈራልህ አልችልም። በዘጠኝ ከተማ የፈራሁት ይበቃኛል።

ጥፋተኛው ካፒቴኑ ነው ብዬ ነበር፤ እርሱን ሰርዘው። ጥፋተኛው አንተ ነህ። ከሥርህ እኔን ጻፍ። ለእነዚያ ሴቶች ጋውኑን እያሳየሁ ስመጻደቅ ባትሰማኝ ኖሮ፣ ያን ቀን አፍህ ይፈታ ይሆን ነበር። ቁልፍ አስረካቢ መሆኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ካለኔ የማይዘጋ ቤት አለ እል ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታለቅስ አይደለም። አንድ ትምህርት ነው የቀረህ። እኔ በስድሳ አንድ ዓመቴ «ሀ» ብያለሁ።

ለሙሽራዋ እኔ አልነግራትም፤ አንተ ትነግራታለህ። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽላትም።

ወረቀቶችህ ደርቀዋል። ተጨማደው ስለነበር ተኮስኳቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ካርቶኗን በፖስታ ቤት ልኬልሃለሁ። ስትደርስህ ጭንህ ላይ አድርጋትና ክብደቷን እየው።

ባለ ፋርማሲው ቤቱን ከሰኔ በኋላም ሊያከራየን ተስማምቷል። ዕቃ የለንም፤ መጋረጃ ከአንሶላ ሠራሁ። ከዚህ መውጣት አልፈልግም አልልህም፤ አንዳንድ ቀን ይህ ሳሎን ደረቴ ላይ ይቀመጣል፣ የመስኮቱም ብረት እዚያው ነው። ግን የማውቀው ብረት ነው።

ትናንት ሚጢጢ ከፋርማሲው ነጭ ጋውን ተሰጥቷት መጣች። ልተኩሰው ስዘረጋው አንገቱ ላይ ስም ተሰፍቶበታል። ጣቴን አስቀድሜ አነበብኩት። የራሷ ነው። የሚሰቀልበት ስላልነበረ ከባለ ፋርማሲው መዶሻ ተውሼ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ መሀል ላይ፣ ትልቅ ምስማር መታሁ። ግድግዳው ትንሽ ተሰነጠቀ። ይሰንጠቅ።

ከእንግዲህ ካርቶን አላሽግም። ለማንም ቁልፍ አላስረክብም። ያቺንም ቀዳዳ በሳሙና አልደፍናትም።

አክስትህ